በሁለት እጁ የያዘው ማር

ሸዋ ቤንች አካባቢ ገጀራ የሌለው ገበሬ አይቼ አላውቅም። ቡና ውስጥ ለመግባት መመንጠር ግድ ነውና ወንዱ ሁሉ ወገቡ ላይ ታጥቆት ይውላል። የተጣላ ሰው ለዕርቅ ሲመጣ ግን ገጀራውን በር ላይ መሬት ሰክቶ ነው የሚገባው። እኛ ሰፈር ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ወንድሜና ጎረቤታችን የተጣሉት በአንድ ዛፍ ነው። ዛፉ እኛ ቡና መሀል ይቁም እንጂ ጎረቤታችን ከአባቱ ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅለው እሱ ላይ ነበር። ወንድሜ ጥላው በዛ ብሎ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ቀፎው አብሮ ወረደ። ሰውየው በቅዳሜ ገበያ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በጥፊ መታው። ወንድሜ ጥፊውን ሳይመልስ ወደ ቤት ሄደ። ይህ ነበር እኔን ያስፈራኝ። አባቴ "ተወው ልጄ፣ ሽማግሌ ይየው" ቢለው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

በማግስቱ እሑድ እኔና ወንድሜ ቤት ቀረን። ከጸሎት ቤት ሲወጡ ሽማግሌዎቹ አባቴን ገለል አድርገው፣ ሰውየው እንደተጸጸተና ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ነገሩት። አባቴ ደስ ብሎት ወሬ ይዞ ቆየ። ሰውየው ግን አልጠበቀውም፣ ቀድሞት መጣ።

እኔ ደጅ ላይ ዕቃ አጥባለሁ፤ ወንድሜ ጓሮ ይመነጥራል። ሰውየው በራችንን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ገጀራው ወገቡ ላይ ነው። በሁለት እጁ ማር የሞላ ቅል ታቅፎ ስለነበር ፈትቶ መሰካት አልቻለም። ወንድሜ ከጎኑ መጣበት። እኔ "ተው!" ብዬ ስጮህ በገጀራው መትቶት ነበር። ማሩ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ፤ ሰውየውም ሳይመሽ ሞተ።

"ገጀራ ታጥቆ ግቢው ድረስ ሲመጣበት ምን ያድርግ?" የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሊያጽናኑን ነው፣ ግን ጆሮዬ አልቀበልም አለ። አባቴ አንዱን "ምን ፈልገህ ነው ብሎ አይጠይቅም? አፍ የለውም?" ብሎ ጮኾበት፣ ከዚያ ሰው ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ግን ለማን ልፍረድ? ሰውየው የመጣው ሊገድል ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ እንዲመታው እፈልግ ነበር። መምታት አያስፈልግም የሚሉኝንም፣ ያስፈልጋል የሚሉኝንም ዛሬ ድረስ አልወዳቸውም። ሁለቱም ያን ቀን እኛ ግቢ አልነበሩም።

ወንድሜ ታሰረ፤ አባቴ እስኪሞት ሄዶ አልጠየቀውም። ሚዛን ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዤ የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም ነበር፤ አንድ ጊዜ ግን ያመጣሁለትን ሳይቀምስ፣

"ማሩን ለማን ነበር የያዘው?" አለኝ።

"ላንተ" አልኩት። "የመታው አንተን አይደል?"

"እኔ እኮ ያየሁት ወገቡን ነው" አለ። "እጁን አላየሁም።"