ጣራ ገዳም፣ 12 ቀደመ

የያዙኝ ወረታ ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያይበት ወረድ ብሎ፣ አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛ አለችኝ። ወረንጦዬን ይዤ አንዲት የሴት ሰዓት ላይ አጎንብሼ ሳለ ጥላ አረፈብኝ። ደንበኛ መስሎኝ ቀና ሳልል «ቆይ አንዴ፣ ልጨርስ» አልኩ። ሁለት የጸጥታ ሰዎች ነበሩ። እስክጨርስ አልቆዩም።

ሰው የሚታፈስበት ጊዜ ነበር፤ መኪናው ላይ ስወጣ ብዙ ሰው ቀድሞኛል። ኪሴን ሲፈትሹ ያገኙት አንድ ደብተርና አንድ የእጅ ሰዓት ነው።

«ያንተ ነው?» አለኝ አንደኛው ሰዓቱን እያገላበጠ።

«የደንበኛ ነው።»

«ማን የሚባል?»

ስሙን አልነገርኩትም። ለምን እንደደበቅሁት ያን ጊዜ ለራሴም አልገባኝም።

ያስገቡን የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የሩዝ ገለባ ቀርቷል፤ ትንፋሻችን ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ቆርቆሮ ጣራው አንድ የሚስማር ቀዳዳ አለው። በዚያ የምትገባ የብርሃን ነጠብጣብ ጧት ከግድግዳው አናት ተነሥታ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለች ትጓዛለች።

ከበሩ አጠገብ አንድ ሽበታም የፎገራ ሩዝ ገበሬ ተቀምጠዋል። ቦታ ለቀቁልኝና «ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሰዓት እጠግናለሁ።»

«እሰይ! ደህና ሰው መጣልን። እስቲ ስንት ሰዓት ነው?»

ባዶ ክንዴን አየሁ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ በሚስማር የጫሩትን መስመር አሳዩኝ። ነጠብጣቧ እዚያ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጾማቸውን ይፈታሉ። «ያንተ ይቁም፤ የእኔ ይሄዳል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ባለ ሰዓቱ፣ ስንት ሆነ?» ሳይሉኝ ውለው አያውቁም።

በአስራ ሰባተኛው ቀን ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። እንድቀመጥ ጠቆመኝና ደብተሬን ከፍቶ ያነብልኝ ጀመር።

«ሐሙሲት፣ 4 ወደ ኋላ ቀረ።» ገጽ ገለጠ። «ጣራ ገዳም፣ 12 ቀደመ።» አየት አደረገኝና ጣቱን ወደ ታች አወረደ። «ርብ ማዶ፣ ቆሟል። ነገ ይከፈታል።»

በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። በሰው አፍ ስሰማው ግን ለእኔም የምስጢር መልእክት መሰለኝ።

«ነገ የሚከፈተው ምንድን ነው?»

«ክዳኑ።»

«የምን ክዳን?»

«የሰዓቱ ነዋ!»

ደንበኞቼን በስም አልጽፍም። ወረታ ገበያ ላይ አንድ ስም ብትጠራ አስር ሰው ዞር ይላል፤ ስለዚህ በመጡበት አገር ነው የምጽፋቸው። የሐሙሲቱ ሰው ሰዓት በቀን አራት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። የጣራ ገዳሙ አስራ ሁለት ሰከንድ ይቀድማል። የርብ ማዶው ጭራሹን ቆሟል። ይኼው ነው። ይህንን እየማልኩ አስረዳሁት። እሱ እየሰማኝ መሳቢያውን ሳበና ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይሄስ? ወረታ ውስጥ ይህን የመሰለ ሰዓት ማን ያሥራል?»

መጠየቁ አያስወቅሰውም። እኔም ሃያ ዓመት ሰዓት ስከፍት እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ሰው ያልጠራሁ ሰውዬ ከሰዓት አልጀምርም። ባለቤቱ ከጣራ ገዳም በታች የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። መርከበኛ የነበረ ወንድማቸው ሲሞት ለእሳቸው ቀረ። ሰማንያ ተጠግተዋል፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከባጃጅ ሲወርዱ እንኳ ሁለት ሰው ነው የሚደግፋቸው።

«ስማ» አለኝ መርማሪው። «ባለቤቱን ንገረኝ። አምጥተን እንጠይቀዋለን። እንዳልከው ከሆነ አንተ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ዛሬውኑ! ሚስቴ በሩን ስትከፍት ታየችኝ። አልዋሽም፣ ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መሪጌታ ያንን የጭነት መኪና ሲወጡ፣ ከዚያ ገለባ ላይ ሲቀመጡ አብሮ ታየኝ። ከተቀመጡ ማን ያነሣቸዋል? ስሙን ዋጥኩት።

«ሰውየውን ይተዉትና ሰዓቱን ይጠይቁት» አልኩ።

«ሰዓት ይናገራል እንዴ?»

«ይሄኛው ይናገራል።»

እኔ ስፈራ ወሬ ይቀናኛል። ሰዓቱን የሠሩት ሰዎች አያቶች ስዊዝ የሚባል ተራራማ አገር ገበሬዎች እንደነበሩ ነገርኩት። ክረምታቸው በረዶ ነው። በረዶው ደጁን ሲዘጋባቸው ላሞቻቸውን ጋጥ አስገብተው፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጥርሳም መዘውር ሲሞርዱ ይከርማሉ። አንዱ ቤት መዘውሯን፣ ሌላው ቤት ብሎኗን፤ በረዶው ሲቀልጥ ሰብስቦ የሚገጥመው ሰው ይመጣል። ፋብሪካው ከዚያ ነው የተወለደው።

«እኛን ርብ ወንዝ ሞልቶ ሲዘጋን ምን ስንሠራ ነው የምንከርመው?» አለ መርማሪው። የዚያ አገር ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ገበጣ» አልኩ።

ፊቱ ፈታ ሲል አየሁና ቀጠልኩ። ያኔ ወንድ ሰዓቱን በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ክንድ ላይ ማሰር የሴት ጌጥ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ወታደሩ ኪሱን እስኪፈትሽ ጊዜ አጣና ክንዱ ላይ አሰረው። ከዚያ ላብ አስቸገረ፣ ዝናብ አስቸገረ፤ ውሃ የማያስገባ ክዳን ሠሩ። ይህን ሰዓት ሰው ለምን እንደሚወደው መርማሪው ሲጠይቀኝ ግን እውነቱን ነገርኩት። ክዳኑን ስከፍተው ማንም የማያየው ውስጡ ከፊቱ ይልቅ አምሮ አገኘሁት። ደንበኛ አያየውም፣ ገዢ አያየውም፤ እነሱ ግን የመዘውሯን ጥርስ አንድ በአንድ ወልውለውታል። የዚያን ቀን ወረንጦዬን አስቀምጬ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

መርማሪው ሰዓቱን አንሥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። «ቆሟል እኮ።»

«መሳቢያ ውስጥ ስለዋለ ነው። ባትሪ የለውም፤ የሚሄደው በሰው ክንድ ነው። ክንድ ሲወዛወዝ ውስጡ ያለችው ክብደት ትዞርና ራሱን ይሞላል። ከስልክዎ ጋር አስተካክለው ክንድዎ ላይ ይሰሩት። ነገ በዚህ ሰዓት አስራ ሁለት ሰከንድ ካልቀደመ፣ ያሉኝን እፈርማለሁ።»

ምን ነክቶኝ ነው! አፌ ቀደመኝ። ያልኩት የገባኝ ወደ መጋዘኑ ስመለስ ነው። አስራ ሁለቷን የለካኋት በእኔ ክንድ ነው። ሰዓት ደግሞ እንደ አሳሪው ጠባዩን ይለውጣል። መርማሪው ደግሞ ተቀምጦ ሲጽፍ የሚውል ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ጭራሹን ይቆማል። ቆመ ማለት ፈረምኩ ማለት ነው።

ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንዴ! ስሙን ብትጠራ ትወጣ ነበር?»

«እወጣ ነበር።»

ነጠብጣቧ መስመሩ ላይ ስትደርስ እንጀራቸውን ቆርሰው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ በበሩ ስንጥቅ ሳይ መርማሪው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። በግራ እጁ አየሩን ይቀዝፋል፤ ታንኳ ላይ ያለ ይመስል! ዘበኛው አፉን ከፍቶ ያየዋል። እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ።

«ምን አየህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ሰዓት እየሞላልኝ ነው።»

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ሰዓቱና ስልኩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለታችንም አጎነበስን። እሱ በከንፈሩ እየቆጠረ ሰከንድ ቆጣሪውን ተከተለ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣ ሦስተኛም ጊዜ።

«አስራ አንድ» አለ።

በቃ፣ ፈረምኩ አልኩ በሆዴ።

«ደብተርህ አስራ ሁለት ነው የሚለው። አንዷስ የት ሄደች?»

«አንዷ...» ክንዱን አየሁት። «አንዷ የእጅዎ ናት። የእኔና የእርስዎ አካሄድ አንድ አይደለም።»

ደብተሬን ዘጋው። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «አይ አንተ!» አለ። ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ አስራ አንድ የምትባል ቁጥር ስሰማ ደስ ይለኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል መታወቂያዬን፣ ቀበቶዬንና ደብተሬን መለሱልኝ። በሩ ተከፍቷል፤ ውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ሰዓቱ ግን መርማሪው ክንድ ላይ ነው። ሲናገር በአውራ ጣቱ መስተዋቱን ያሻሻል።

«እሱ እዚህ ይቆይ» አለኝ። «ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይውሰድ።»

ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄድኩ። ሄጄ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ተመለስኩና መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሰውዬ፣ ተፈትተሃል እኮ!» አለኝ ዘበኛው።

«ሰዓቱ አልተፈታም።»

መርማሪው ከበረንዳው አየኝ። ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፣ አልተቆጣሁም፤ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ሽማግሌው «ባለ ሰዓቱ፣ ስንት ሆነ?» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። «ትንሽ ይቀረዋል አባቴ!» ብዬ መለስኩላቸው። መርማሪው ምን እንዳሰበ አላውቅም። መጣ፤ ማሰሪያውን ፈታና በዘረጋሁት መሐረብ ላይ አኖረልኝ።

«ጥሩ ሰዓት ነው» አለ።

«ነው» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አዘንኩለት።

ሽማግሌው በሳምንቱ ወጡ። ዛሬም በገበያ ቀን በጠረጴዛዬ ሲያልፉ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁኝና መልሴን ሳይሰሙ ሽቅብ ፀሐይዋን ያያሉ። ደብተሬ ላይ አሁንም የምጽፈው አገር ነው። ሚስቴ «ተው፣ አትማርም?» ስትለኝ አንድ ሳምንት በቁጥር ሞክሬ የማን የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ብቻ ሽፋኑ ላይ በትልልቁ «የሰዓት ጥገና» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ሰዓቱን ያደረስኩት በተፈታሁ ማግስት ነው። መሪጌታ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ እስሩ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ አሰርኩላቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡና፣

«ምነው ልጄ፣ ይሄን ያህል ቆየህ? ይቀድማል ወይስ ወደ ኋላ ይቀራል?» አሉኝ።

«እሱስ ይቀድማል መሪጌታ» አልኳቸው። «የዘገየሁስ እኔ ነኝ።»