ያልተጻፉት ባዶ ቀናት

ድልድዩ አጠገብ ያለችው የወንዝ ጥናት ጣቢያ ሦስት ክፍል ናት፤ አንዷ ቢሮ፣ አንዷ ላብራቶሪ፣ አንዷ የመረብና የቦቲ ጫማ ማስቀመጫ። ሦስተኛዋን ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የያዟት የጣቢያው መረብ ጣይ ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ባዶ አይገቤ» ይሏቸዋል። ስሙን ጠልተውት አያውቁም፤ እንዲያውም ሲጠሩበት ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ከድልድዩ በታች ወዳለው ድንጋያማ ቦታ ወርደው መረብ ሦስት ጊዜ ይጥላሉ። የሚፈልጉት ጢማሟን ነው፤ ከመሃል ጣት የማትበልጥ፣ ውሃ በኃይል በሚወርድበት ድንጋይ ሥር የምትኖር፣ ከንፈሯ ላይ አራት ጢም ያላት ዓሣ። የተያዙትን ቆጥረው፣ በማስመሪያ ለክተው መልሰው ይለቃሉ። ከዚያ ወሩንና ቁጥሩን ቅጹ ላይ ይሞላሉ። በቃ።

ቅጽል ስሙ የመጣው መረቡ ባዶ ሲወጣ ከሚያደርጉት ነገር ነው። ባዶ እጃቸውን ቢሮ መግባት ሞታቸው ነው። ስለዚህ በማግስቱ ይወርዳሉ፤ እምቢ ካለም በሦስተኛው ቀን። ዓሣዋ የተገኘችበትን ቀን ቁጥር ይጽፋሉ፤ ያልተገኘችበትን ማን ይጠይቃል? አብራቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊ ልጃቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ርሶ ሲገቡ ስታይ «አባዬ፣ ዛሬም ቀጠሮ አፍርሳብህ ነው?» ትላቸው ነበር። ይሥቃሉ።

ከላይ የውሃ መጥለፊያ ከተሠራ ወዲህ ግን አንድ ቀን የነበረው ሦስት ሆነ፤ ሦስቱም ሳምንት። ባለፈው በጋ አንዲት ዓሣ ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ወረዱ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ክንዴ ዝሏል፣ ዓይኔም ደክሟል አሉ ለራሳቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነበር የቀራቸው፤ አቅም አነሳቸው እንዳይባሉ ፈሩ።

በዚህ መሃል መጥለፊያውን የሠራው የውሃ ድርጅት በበጋ ወደ ታች የሚለቀውን ውሃ በግማሽ ልቀንስ ብሎ ጠየቀ። ይህ ዓሣዋን ይጎዳ እንደሆነ እንዲያጠና አንድ ተመራማሪ ተመደበ። ቅጾቹን ሲያይ ማመን አቃተው፤ በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ወር እንኳ አልጎደለም። እንደርስዎ ያለ ሰው በየወንዙ ቢኖር እኛ ሥራ በፈታን ነበር ብሎ ቀለደ። የጥናቱ ውጤት በሚቀርብበት ስብሰባ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው። ልጃቸው ለዚያ ቀን ብላ የኮታቸውን እጅጌ አሳጥራላቸው ነበር።

ግድግዳው ላይ የበራው፣ ዓሣ የተገኘባቸውን ወራት የሚያሳየው መስመር ቀጥ ያለ ነው። መጥለፊያው ከመሠራቱ በፊትም ዓሣ አለ፣ በኋላም አለ፤ በየወሩ አለ። ስለዚህ ውሃው ቢቀንስም የከፋ ጉዳት አይኖርም ብሎ ተመራማሪው በቅን ልብ አስረዳ። የድርጅቱ መሐንዲስ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል።

እሳቸው ተነሡ። እንዴት እንደጀመሩ አያስታውሱም፤ ስለ ዘጠኙ ቀን ግን አንድ በአንድ ተናገሩ። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የት ተጽፏል ብሎ ጠየቃቸው። የትም አልተጻፈም።

ሲወጡ ተመራማሪው ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ባዶውን ቀን ለምን አልጻፉልኝም?»

«ልጄ፣ ባዶው የኔ ድክመት መስሎኝ ነው።»

ተመራማሪው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ ከልጃቸው ጋር ያልተጻፉትን ባዶ ቀናት ለመልቀም ሞከረ። እሷ ወር የምታስታውሰው በሰፋችው ልብስ ነው። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ስሰፋ ስምንት ጊዜ ሱሪውን አስጥቻለሁ፤ የሆስፒታሉን መጋረጃ ስሠራ አምስት ጊዜ እያለች። አንዱንም ሳያስቀር ጽፎ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አስገባ። መልሱ ግማሽ ገጽ ነበር፤ የቤተሰብ ትዝታ በመዝገብ ምትክ አይያዝም ይላል። ፈቃዱ ተሰጠ።

በተከታዩ በጋ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ሲወርዱ ድንጋዮቹ ጀርባቸው ደርቆ ነጥቷል። ውሃ የቀረው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ አራት እርምጃ። መረቡን ገና አንዴ ሲጥሉ ዐሥራ አንድ ጢማሞች ወጡ። በዐሥር ዓመት ያላዩት ቁጥር ነው። ወንዙ ሲሸሽ የተረፉት ሁሉ እዚያች ጉድጓድ ተጠራቅመዋል። ቅጹ የሚጠይቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ ዐሥራ አንድ ብለው ቢተዉት ወንዙ ተሻለው ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ጻፉ፤ ከዚያ ቅጹን ገልብጠው የጉድጓዱን ስፋት፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት እንደማይደርስ፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ይከፍቱ እንደነበር ጀርባው እስኪሞላ አሰፈሩ። ባልዲ ይዘዋል፤ ዓሦቹን የሚወስዱበት ሌላ ውሃ ግን በቅርብ አልነበረም።

በማግስቱም ወረዱ፣ በሦስተኛውም ቀን። አሁን እያንዳንዱን ቀን ይጽፋሉ። ሰባት። አራት። አራት። አንድ። በስድስተኛው ቀን ጉድጓዱ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። መረቡን አልጣሉም፤ የሚጣልበት አልነበረም።

ቤት ገብተው ቅጹን ልጃቸው ከምትሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጡት። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የጻፏትን ዜሮ ስድስት ብሎ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር ሰግተዋል። ምን ይላል ብለው ጠየቋት።

«ዜሮ ነው፣ አባዬ።»

እንደገና አስነበቧት።