የዘመድ ምላጭ

ጅጅጋ ውስጥ ዐናብን የማያውቅ ወገብ የለም። ጎረቤቷ ሐርተሼክ በስደተኛ ድንኳን ከተሞላችበት ዘመን ጀምሮ ዋግምት ስታግም ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ክራባት ያሰረው የቢሮ ሰው ሳይቀር ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ሰጥቷታል። ስትሰድብህ ያማል፣ ስትበጣህ ግን አይሰማህም!

ኤድስ የሚሉት መዓት ከተማውን ካስደነገጠ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ታወጣለች፤ በዚህ እንኳ አትታማም። ለዘመድ ግን እንዴት ተደርጎ? በአጎት ልጅ ፊት አዲስ ምላጭ መፍታት «ደምህን ተጸይፌዋለሁ» ማለት አይደለም እንዴ! ሰውዬው ሸሚዙን ለብሶ ይወጣል፣ በሽማግሌም አይመለስም። ስለዚህ ለዘመድ ብቻ የምታወጣት አንዲት ምላጭ ነበረቻት። በፈላ ውሃ ለቅለቅ፣ ቢስሚላህ፣ በቃ።

በሁለት ሺህ ስምንት ረመዳን ሊገባ ሲል ከድንበር ማዶ አንድ የሩቅ ዘመድ መጣ። ዓይኑ ቢጫ ነበር። «የመንገዱ አቧራ ነው» አለ፤ አገመችው። ከእሱ ቀጥሎ ወንድሟ ጃማ ተቀመጠ፤ ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ድረስ እየተመላለሰ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ የመኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ሰው። ከዚያ እሷም የሚያማትን ጉልበቷን በዚያችው ምላጭ በጣችው።

እንግዳው በሦስተኛው ቀን ሄደ። ቢጫው ዓይን ግን አልሄደም፤ በሁለተኛው ወር ጃማ ፊት ላይ አገኘችው።

የጃማ ሆድ ተነፋ፣ ክንዱ ሟሸሸ። ሃያ ዓመት ሙሉ በከተማው ደም ሲመረምር የኖረው ቀለምወርቅ የጃማን ደም አዲስ አበባ ልኮ ውጤቱ ሲመጣ ዐናብን አስጠራት።

«ይቀመጡ እናቴ። ወንድምዎ የጉበት ቫይረስ ነበረበት፣ ቢ የሚባለው። ምናልባት ከልጅነቱ። ብዙም ሳይጎዳው አብረው ኖረዋል።»

«ታዲያ አሁን ምን ነካው?»

«ሌላ ተጨመረበት። ዴልታ ይሉታል። ሙሉ ቫይረስ እንኳ አይደለም፤ ብቻውን ቢሆን መዛመት አይችልም፣ የራሱ ልብስ የለውም። ያንን ቢ የሚባለውን ሲያገኝ ግን የእሱን ልብስ ለብሶ ይወጣል። ያን ጊዜ ጉበት አይችለውም።»

ዐናብ ጂን ሲሏት ታውቃለች፤ እሱስ በቁርኣን ይሸሻል። ይኼ ሙሉ ያልሆነ፣ ልብስ የሌለው ነገር ግን ከማን ጀርባ ወረደ?

«በምን ገባበት?» አለች፣ እያወቀችው።

«በደም።»

የእሷንም ደም መረመረላት። «እርስዎ ነፃ ነዎት። ቢ ድሮ አግኝቶዎት ሰውነትዎ አባሮታል፤ ቢ ከሌለ ዴልታም ማረፊያ የለውም።» አልሃምዱሊላህ ልትል አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም። ወደ ቤት ስትሄድ የሚያልፈውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን አየች። ሰላም የሚላትን ሁሉ ጀርባውን ታውቃለች፣ በውስጡ ማን ተኝቶ እንደሚጠብቅ ግን አታውቅም።

ጃማ ፍራሹ ላይ ነበር። «አባዮ» አላት፣ እህቱን ሲያቆላምጥ እንደሚጠራት። «እስቲ አግሚኝ። ካንቺ እጅ ሌላ የሚያሽረኝ የለም።»

«አልችልም።»

«ተጸየፍሽኝ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይኼን ይዞ ሊሞት ነው! ይኼንንስ አልቻለችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ነገረችው፤ እንግዳውን፣ ምላጯን፣ ቀለምወርቅ ያላትን ሁሉ። «የበላሁህ እኔ ነኝ፣ ጃማ። ወላሂ እኔ ነኝ።»

ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። እርግማን ጠበቀች፤ ቢረግማት ይሻላት ነበር።

«ከእኔ በኋላ ማን ታገመ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔው። እኔን አልያዘኝም።»

«ካንቺ በኋላስ?»

ስለ ወንድሟ ስትጨነቅ ይኼን አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም። ያን ዕለት ማታ ባል ካገባች ዓመት ያልሞላት የገዛ ልጇ ወገቤን አለች፣ በዚያችው ምላጭ አገመቻት።

«ፋይሶ…» አለች በሹክሹክታ።

ፋይሶ ጓዳ ለአጎቷ ሾርባ እያማሰለች ነበር። እጇን በሻሿ እየጠረገች ብቅ አለች። «ሆዮ፣ ጠራሽኝ?» አለች እናቷን።

ዐናብ ብድግ ብላ ልጇን በክንዷ ጎትታ መስኮቱ ጋ አቆመቻት፤ አገጯን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገችና በአውራ ጣቷ የዓይኗን ቆብ ገለጠች።