የደምሌ ወገብ በበዓለ ሃምሳ

ደምሌን የታች ጋይንት ሰው የሚያውቀው እርፍ ጨብጦ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ግን ቀንበር ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለና እዚያው ተንበረከከ። ወር ሙሉ መደብ ላይ ተጋደመ፤ በተጋደመ ቁጥርም ባሰበት።

የሚስቱ ወንድም ቻላቸው ሊጠይቀው መጥቶ፣ «ዘንድሮ መሬቱን እኔ በእኩል ልረሰው፤ እህሉን እንካፈላለን፤ አንተ ተኛ» አለው። በደግነት ነው። ደምሌን ግን ከወገቡ ይልቅ ይህ ቃል አመመው። በጤናው ሳለ ማሳውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም።

ሚስቱ የሻረግ፣ አህያ ላይ ጭና አርብ ገበያ ከተማ፣ ክሊኒክ ውስጥ የሚያክመው ድሬሰር ረመዳን ዘንድ ወሰደችው። ረመዳን ጎንደር የተማረ የከተማው ልጅ ነው። ወገቡን ዳበሰ፣ እግሩን አንስቶ አየ፤ መርፌውን አልነካም።

«መተኛት በቃዎት» አለ። «አጥንትዎ ደህና ነው። የደከመው ሥጋውና ጅማቱ ነው። በሬስ ቆሞ ሲከርም ይሰንፍ የለም?»

ቁርበት አንጥፎ ራሱ እየተጋደመ አሳየው፦ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፤ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት፤ በደረት ተኝቶ በክንድ ቀና ማለት። እያንዳንዱን አሥር እስኪቆጥሩ ይዞ መቆየት፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያ ምንጭ ድረስ በእግር ደርሶ መመለስ። «እግርዎ ከደነዘዘ ግን ይተዉትና ቶሎ ይምጡ።»

ደምሌ አሥሩን በኪርያላይሶን ቆጠረው። ዐቢይ ጾሙን ሙሉ ሠራ፤ ወገቡም ላላለት። ፋሲካ ሲገባ ግን ይኼም ስግደት መሰለውና ቁርበቱን ጠቅልሎ ሰቀለ። በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለማ!

በሁለት ሳምንት ወገቡ ተመልሶ ያዘው።

«ሰውዬ፣ ሃምሳው ቀን ሲያልቅ ሰኔ ነው!» አለች የሻረግ። «መቼ ልታርስ ነው?»

«ሥርዓት ላፍርስ?»

«ቻላቸውን ልጥራዋ እንግዲያ!»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና የንስሐ አባታቸውን ቄስ ወልደማርያምን ይዛ ተመለሰች።

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «እስቲ ሥራና ልየው» አሉ። ደምሌ በደረቱ ተኝቶ ቀና አለ። «ኪርያላይሶን...»

«ቆይ! ወዴት ዞረህ ነው?»

«ወደ ምሥራቅ ነዋ፣ አባቴ።»

«ወደ ምሥራቅ ዙር ያለህ ማን ነው? ረመዳን ነው?»

የሻረግ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ደምሌ አቀርቅሮ፣ «እኔው ነኝ» አለ።

«በል ወደ ምዕራብ ዙር። ወደ ምዕራብ ዞሮ የሚሰግድ ክርስቲያን አላየሁም። ኪርያላይሶኑን ለጸሎትህ ተወውና በሬዎችህን እየጠራህ ቁጠር። ስግደቱ ለእግዚአብሔር ነው፤ ይኼ ለወገብህ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሁሉ በየጠዋቱ «ቦራ አንድ፣ ዳለቻ ሁለት» ሲል ይሰማው ጀመር። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የሻረግ ቀንበሩን ተሸከመችለት፤ እሱ እርፉን ያዘ። የመጀመሪያ ቀን አምስት ትልም አውጥቶ አቆመ። በማግስቱ ስምንት።

በአራተኛው ቀን ቻላቸው በሬዎቹን እየነዳ መጣ። የታረሰውን አየ፣ ደምሌን አየ።

«ዳንክ እንዴ?»

«ገና ነኝ። ብቻዬን ለሰኔ አላደርሰውም፤ ግባና አግዘኝ። በእኩል ግን አይደለም፣ በወንፈል ነው። በሳምንቱ እኔ ያንተ ማሳ ላይ ነኝ።»

«በዚህ ወገብ?»

«በቀን ስምንት ትልም። ካነሰህ ተመለስ።»

ቻላቸው ሳቀና በሬዎቹን ጠመደ።