ቀትር ላይ የሚዘጋው ሥጋ ቤት

ገርጂ ያለው ሥጋ ሻጭ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢላውን እንደያዘ ወደ ውስጥ ይገባና በሩን ይቀረቅራል። ከድሬዳዋ ነው የመጣው። እዚያ የቀትሩ ሙቀት አያስቆምም፤ ከተማው እንዳለ ዘግቶ ይተኛል። እኛ ጋ ግን የሰማንያ ስድስት ክረምት ነው፤ በረዶ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እሱ ከነጭ ጋዋኑ ሥር ያችኑ ስስ ሽርጡን አገልድሞ ይንቀጠቀጣል።

ትናንት ጎረቤቴ ጋሽ ሙላቱ ሥጋ ፈልገው በሩን ደበደቡ። በሩ ብርግድ አለና ሰውየው አንገታቸውን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቃቸው። ሮጬ ስደርስ ቢላው ጉሮሯቸው ላይ ነበር። ፊታቸውን በደንብ ሲያይ ለቀቃቸው።

"በቀትር ምን አስመጣህ?" አላቸው። የድሬ ሰው አንቱ አያበዛም።

"እንቅልፍህን ነሳሁህ እንዴ?" አሉ ጋሽ ሙላቱ አንገታቸውን እያሹ።

"ወንድሜን በቀትር ነው ያረዱት። ደጄ ላይ፣ በሬን እየደበደበ። ሰፈሩ በሙሉ ተኝቶ ነበር፤ እኔም።"

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። አልጋ የለም። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ በርጩማ ብቻ ተቀምጧል።