ወንዙ ዳር የወረዱት እናት

አሮጊቷ ከናሪን ከተማ ሲሳፈሩ የወንድ ካፖርት ለብሰው፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ታቅፈው ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ አንድም ቤት በሌለበት ሸለቆ፣ ወንዙ ዳር፣ «ወራጅ አለ!» አሉ።

ሾፌሩ ቤክቱር ደነገጠ። «እማማ፣ እዚህ? ማታ የተራራው ብርድ ሁሉ ወርዶ የሚተኛው እኮ እዚህ ታች ነው። ሰዉ ቤቱን ዳገቱ ወገብ ላይ የሠራው ለእይታ መሰለዎት? እዚያ ይሻላል፤ ላድርስዎት።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ቤቴም እዚያው ነው። ልጄን ግን ዳገቱ አለት ነው ብለው እዚህ ቀበሩብኝ። እኔ እላይ ሞቆኝ እንዴት ልተኛ?»

ወርደው በረዶውን በእጃቸው ጠረጉና ብርድ ልብሱን መቃብሩ ላይ ዘረጉት። ጠርዙን ዙሪያውን ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉ።

ቤክቱር ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። ከተሳፋሪዎቹም ያጉረመረመ አልነበረም።