ቀፎ የተሰቀለባት ዋንዛ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ጎደሬ መላጥ ነው። እጁን ስለሚያሳክከው ዘይት ተቀብቶ ነበር የሚልጠው። እየላጠም ስለ ዋንዛዋ ያወራኛል። በሚዛን አሮጌው ገበያ ዳር ያለችው ትልቋ ዋንዛ የአዲሱ አስፋልት መስመር ላይ ስለዋለች፣ ትቆረጥ ተብሎ ግንዷ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

"ከሁለት ወር በኋላ ስብሰባ አለ" አለኝ። "ደብተሬን አነብላቸዋለሁ። ታሪኳን ሲሰሙ አይነኳትም።"

የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ የከተማችንን ታሪክ ለዓመታት በዚያ ደብተር ሲጽፍ ኖሯል። በዚያው ሳምንት አረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ ደብተሩን ከፈትኩ። ስለ ዋንዛዋ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ከተማዋን የቆረቆሩት ወታደሮች ለጥላ የተከሏት።" ይህን የነገሩት ከሸዋ ቤንች ወረዳ ማር ይዘው የሚመጡ አንዲት አሮጊት መሆናቸውን ከሥሩ ጽፏል። በገበያ ቀን ሄጄ አነበብኩላቸው።

ሳቁ። "ወታደር ድንኳን እንጂ ዛፍ ይተክላል?"

"እማማ፣ እርስዎ ነግረውኛል ይላል እኮ።"

"እሱ ነው ያለው! 'ወታደሮች ናቸው አይደል የተከሏት?' አለኝ፤ አዎ አልኩት። አስተማሪ ነው፣ ልጄ። አስተማሪ ይታረማል?"

የባለቤቴም የእኔም አያቶች ከእነዚያ ወታደሮች ጋር ከሰሜን የመጡ ናቸው። የከተማዋ ታሪክ ከእነሱ የሚጀምር መስሎት ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

አሮጊቷ እጄን ይዘው ዛፏ ዘንድ ወሰዱኝ። ቅርንጫፏ ላይ ገመድ የበላውን የቆየ ጠባሳ አሳዩኝ። ከተማው ሳይኖር አያታቸው ቀፎ ይሰቅሉ የነበረው እዚያ ነው። በቤንቾች ዘንድ ደግሞ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የሰቃዩ ቤተሰብ ሳይፈቅድ አይቆረጥም።

ሦስት ቀን ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ከእሱ የቀረኝ የእጅ ጽሑፉ ነው። በአራተኛው ቀን መስመሩን ሰርዤ እውነቱን ከጎኑ ጻፍኩ።

በስብሰባው ላይ ዋንዛዋ ከወታደሮቹ በፊት ነበረች ብዬ ስነሣ አንድ ሹም፣ "መምህሩ ራሳቸው ወታደሮች ተከሏት ሲሉ ሰምቻለሁ" አለኝ።

"ተሳስቶ ነው" አልኩ። "ጠያቂውም መላሹም እሱ ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም እሱ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ የጻፍኩትን አነበብኩና ወደ አሮጊቷ አመለከትኩ። "የዋንዛዋ ባለቤት እዚህ አሉ፤ ይጠየቁ።"

አሮጊቷ ተነሡ። "እኔ አልፈቀድኩም" አሉ። ተቀመጡ።

ከኋላ የነበሩት የቤንች ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ከእነሱ ቀጥሎ የጅማ ነጋዴዎች፣ የእኛም ሰዎች ቆሙ። መሐንዲሱ ካርታውን አገላብጦ፣ "መንገዱን ትንሽ ማጠፍ ይቻላል" አለ።

ዛሬ ከጎረቤታችን ከአማን የሚመጣ መኪና ሁሉ ዋንዛዋ ዘንድ ሲደርስ መሪውን ያዞራል። ሾፌሮቹ ያማርራሉ፤ እኔ ባየሁ ቁጥር ደረቴን እነፋለሁ። የአሮጊቷ የወንድም ልጅ አዲስ ቀፎ ሰቅሎባታል፤ አበባዋ ሲፈካ ንቦቹ ገቡበት።

አሁን በየገበያው ቀን ደብተሩን ይዤ ከሥሯ እቀመጣለሁ። አዛውንቶችን እጠይቃለሁ፤ የጻፍኩትንም መልሼ አነብላቸዋለሁ።